የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከይፋት ቆላ ሲታይ

ሰብአዊ መብት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን እስርና ድብደባ ነው። ንጹሕ ውኃ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤትም መብት መሆናቸውን የምናስታውሰው ሲጠፉብን ነው። ኢትዮጵያ ግን የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶችን ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን የተቀበለችው ገና በ1985 ዓ.ም. ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እያደገ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል።

ይህን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 210/1992 ተቋቋመ፤ ኮሚሽነር ተሹሞለት ሥራ እስኪጀምር ግን ዓመታት አለፉ። ለመንግሥት ያደላል እየተባለም ሲታማ ኖረ። አዋጅ ቁጥር 1224/2012 ነጻነቱን አጠናከረለት፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም አቀፉ የአቻ ተቋማት ኅብረት ምዘና የ«ሀ» ደረጃ አገኘ።

በዚያው ዓመት እኛ ጦርነት ላይ ነበርን። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የተነሣው ግጭት አጣዬን አቃጥሎ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። ያ ቁስል ሳይሽር በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። ኮሚሽኑ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ስለ አማራና አፋር ክልሎች ባወጣው ሪፖርት ከግድያውና ከአስገድዶ መድፈሩ ጋር የጤና ተቋማትንና የትምህርት ቤቶችን ዘረፋና ውድመት መዝግቧል። እኔ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው። የተዘረፈ ጤና ጣቢያ በጦርነት ወሬ መካከል የንብረት ጉዳት ተብሎ ይታለፋል፤ ከቀወት ገጠር በቃሬዛ ለመጣች ወላድ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ኮሚሽኑ ዳኛ አይደለም። ይጎበኛል፣ ይመረምራል፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፤ በጀት አይመድብም። «ታዲያ ምን ይረባናል?» የሚሉ እህቶች አሉ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በዚህ ይሻላል፦ የአገሪቱ ኮሚሽን ስለ ቤት፣ ጤና፣ ምግብ፣ ውኃና ትምህርት ምን እንደሠሩ የመንግሥት አካላትን በየዓመቱ እንዲጠይቅ ያዛል።

የእኛው አዋጅ የሚሻልበትም ቦታ አለው። አቤቱታ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃልም ይቀርባል፤ ክፍያ የለውም፤ በተበዳይዋ ፈንታ ቤተሰብ ወይም ሦስተኛ ወገን ማቅረብ ይችላል። በማኅበራችን ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ስላሉ፣ ከአዋጁ ሁሉ ይህችን አንቀጽ አስቀድሜ አነባለሁ። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይን ግን ኮሚሽኑ አይመለከትም።