ክንድና አፍ፤ በከተማችን ቪዲዮ ቤቶች ስለ ታዩት የጡጫ ፊልሞች

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ምክንያት በማድረግ ይህን መጽሔት ለማውጣት ባሰበ ጊዜ፣ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘዝን። ከጓደኞቻችን ገሚሶቹ የአምቦን የማዕድን ውሃ፣ ገሚሶቹም የአምስቱን ዘመን አርበኞች መረጡ። እኛ አራታችን የቪዲዮ ቤትን ታሪክ እንጽፋለን ብንል በክፍሉ ውስጥ ሳቅ ሆነ። ከመምህራኖቻችንም አንዱ፣ በቪዲዮ ቤት ምክንያት ትምህርቱን ያቋረጠ አብሮ አደግ ስለ ነበራቸው፣ ነገሩ ደስ አላሰኛቸውም። ይሁን እንጂ አባቶቻችንና ታላላቅ ወንድሞቻችን በወጣትነታቸው ማታ ማታ ምን ሲመለከቱ እንዳመሹ የሚጽፍ ካልተገኘ ያ ዘመን ያለ ምስክር ይቀራል ብለን ስለ አሰብን ገፋንበት። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአገራችን አቆጣጠር ጽፈነዋል።

ለማያውቅ አንባቢ ቪዲዮ ቤት ምን እንደ ነበረ አስቀድመን እንንገር። ሲኒማ በአዲስ አበባ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፤ በዚያ ከተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ ማሳያ ቤቶች አንዱንም ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ተጽፎአል። በእኛ አገር ግን፣ ይኸውም ከአዲስ ዓለምና ከጊንጪ አንሥቶ እስከ ጉደርና እስከ ጌዶ ባሉት ከተሞች፣ ፊልም ለብዙው ወጣት የደረሰው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ፣ ያውም በጭቃ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ሰው ከመንገድ ዳር አንድ ክፍል ይከራያል፤ መስኮቱን በማዳበሪያ ከረጢት ይጋርዳል፤ ቴሌቪዥንና «ዴክ» የሚባለውን የካሴት ማጫወቻ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ያኖራል፤ አግዳሚ ወንበር ይደረድራል። የዕለቱ ፊልም ስም በበሩ ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ ፊደሉም ሁልጊዜ ትክክል አልነበረም። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅ አይሰማም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ባለቤቱ የመግቢያውን ሳንቲም ይመልስ ወይስ አይመልስ የሚለው ክርክር፣ ከፊልሙ የበለጠ ጡጫ ያመጣ እንደ ነበር ነግረውናል።

ከሚታዩት ሁሉ የሕንድ ፊልምና የጡጫ ፊልም ይበዙ ነበር። የጡጫውን፣ የቻይናም ይሁን የአሜሪካ፣ ሁሉንም በአንድነት «ካራቴ» ይሉታል። ጀግናው «አክተር»፣ የክፉዎቹ አለቃ «ቦስ» ይባላል፤ «አክተር አይሞትም» የሚለው አነጋገር ዛሬም በአፋችን አለ። ፊልሙ የሚናገርበትን ቋንቋ ከተመልካቹ መካከል የሚያውቀው ጥቂት ነበር። እንግሊዝኛ የሚችል የሚመስል አንድ ልጅ ከፊት ተቀምጦ አፋን ኦሮሞና አማርኛ እያቀላቀለ ይተረጉማል፤ ያልገባውንም ከራሱ ይፈጥራል። ጡጫ ግን ተርጓሚ አይሻም፤ ስለዚህ ሌላው ፊልም ሁሉ ሲሰለች ካራቴው ሳይሰለች ቆየ።

ከመካከላችን ያለችው እኅታችን እናቷን ጠይቃ ነበር። እናቷ አንድ ቀን እንኳ ቪዲዮ ቤት ገብተው አያውቁም፤ ለሴት ልጅ ነውር ነበርና። ነገር ግን በግድግዳው ስንጥቅ ብዙ ፊልም እንዳዩ ከሳቁ በኋላ አምነዋል።

በ1990ዎቹ አንድ አዲስ ዓይነት ፊልም መጣ። ቻይናዊው ተማች እንደ ወትሮው አለ፤ ነገር ግን ከጎኑ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ ይቆማል። ዘፈኑም እንደምናውቀው ዘፈን ዜማ የሚያስረዝም አይደለም፤ በከበሮ ምት ላይ ቃል እየደረደረ የሚናገር፣ ራፕ የሚባለው ነው። ታላላቆቻችን እንደሚሉት በዚያን ጊዜ የቤቱ ጠባይ ተለወጠ። ጡጫው ሲጀመር ሁሉም ይጮኻል፤ ዘፈኑ ሲመጣ ደግሞ መሬቱ በእግር ይደለቃል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ከሁለት ዳርቻ መጥተው እንዴት ተገናኙ?

መልሱን ለማግኘት ወደ 1965 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። ብሩስ ሊ በሆንግ ኮንግ በሠራቸው ፊልሞች ቀድሞ ስሙ ገንኖ ነበር። «ዘ ቢግ ቦስ» በተባለው ውስጥ የበረዶ ፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ከአለቃው ጋር ይጣላል። «ፊስት ኦቭ ፊዩሪ» በተባለው ደግሞ በሻንጋይ መናፈሻ በር ላይ «ውሻና ቻይናዊ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ያገኘዋል፤ ዘሎ በእርግጫ ይሰብረዋል። ጣልያን በአዲስ አበባ የነጩንና የጥቁሩን ሰፈር ለይቶ እንደ ነበር የተማርን ልጆች ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገንም። በአሜሪካ ከተሞች የነበሩ ጥቁር ወጣቶችም አላስፈለጋቸውም። በኒው ዮርክ በ42ኛው መንገድ ባሉ ርካሽ ሲኒማ ቤቶች እየገቡ፣ ነጭ ያልሆነ ጀግና በባዶ እጁ ሲያሸንፍ ይመለከቱ ነበር።

ብሩስ ሊ ሐምሌ 13 ቀን 1965 ዓ.ም. በ32 ዓመቱ ሞተ። ነሐሴ 5 ቀን በኒው ዮርክ ብሮንክስ በተባለው የድሆች ሰፈር፣ ኩል ሄርክ የሚባል የጃማይካ ተወላጅ ወጣት የእኅቱን ግብዣ በሸክላ ሙዚቃ አደመቀ፤ ዛሬ ሂፕ ሆፕ የሚባለው ነገር ልደቱ ከዚያች ሌሊት ይቆጠራል። ነሐሴ 13 ቀን ደግሞ «ኤንተር ዘ ድራገን» የተባለው የብሩስ ሊ ፊልም በአሜሪካ መታየት ጀመረ። በስምንት ቀን ልዩነት ማለት ነው። የኋለኛው ቀን በአገራችን ቡሄ መሆኑን ስናሰላ አራታችንም ተሳሳቅን፤ ልጆች ዱላ ይዘው፣ አንዱ አውጪ ሌላው ተቀባይ ሆኖ በየደጁ ግጥም የሚያወርዱበት ቀን ነውና። ይህ መገጣጠም እንጂ ሌላ ምንም አይደለም፤ ነገር ግን ሳንጽፈው ማለፍ አልቻልንም።

በዚያ ፊልም ውስጥ ጂም ኬሊ የተባለ ጥቁር የካራቴ ባለሙያ ከብሩስ ሊ ጋር ተሰልፎአል። ሆኖም ከመጨረሻው ጦርነት በፊት ይገደላል። «አክተር አይሞትም» የተባለው ለእርሱ አልነበረም።

የብሮንክስና የአካባቢው ልጆች በእነዚህ ፊልሞች አደጉ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም. ኅዳር ሊብት ሲል፣ ዉ ታንግ ክላን የተባሉ የኒው ዮርክ ዘፋኞች የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። የቡድናቸውን ስም ከቻይና ፊልም ወሰዱ፤ የአልበማቸውንም ስም በ1970 ዓ.ም. ከወጣውና ስለ ሻዎሊን ሠላሳ ስድስት የመማሪያ ክፍሎች ከሚተርከው ፊልም አገኙ። የራሳቸውን ሰፈር እንኳ «ሻዎሊን» ብለው ጠሩት። እንግዲህ ሆሊዉድ ሁለቱን ከማጋባቱ አስቀድሞ ልጆቹ ራሳቸው አጋብተዋቸው ነበር።

ሆሊዉድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። አዘጋጁ ጆኤል ሲልቨርና ዲሬክተሩ አንድሬ ባርትኮቪያክ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ፊልም አወጡ፤ በ1992 «ሮሜዎ መስት ዳይ»፣ በ1993 «ኤግዚት ዉንድስ»፣ በ1995 «ክሬድል ቱ ዘ ግሬቭ»። በሦስቱም ውስጥ ዲ ኤም ኤክስ የተባለው ራፐር አለ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ከእርሱ ጋር የታየው ጄት ሊ ነው፤ ይኸውም በልጅነቱ በቻይና የዉሹ ሻምፒዮን የነበረና ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳለ በአሜሪካ ቤተ መንግሥት ጥበቡን ያሳየ ሰው ነው። ስለ መካከለኛው ፊልም ብዙ የምንለው የለም፤ ስቲቨን ሲጋል በዚያን ጊዜ ከብዶ ነበር።

«ሮሜዎ ይሙት» የሚለው ስም ከሼክስፒር የተወሰደ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እኛ የአምቦ ልጆች ለሼክስፒር ባይተዋር አይደለንም፤ «ሐምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን ወደ አማርኛ የመለሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የዚሁ አገር ተወላጅ ነው፤ «ሮሜዎና ዡልየት»ንም ከበደ ሚካኤል አስቀድመው ተርጉመውታል። በፊልሙ ሮሜዎው የሆንግ ኮንግ ልጅ፣ ዡልየቲቱ የጥቁር አሜሪካዊ ባለጸጋ ልጅ ናት፤ እርስዋም ዘፋኟ አሊያ ነበረች። አንዲት ሴት በሞተር ብስክሌት መጥታ በያዘችው ጊዜ ጄት ሊ ሴት አልመታም ብሎ አሊያን በእጁ ይዞ፣ በእርስዋ እጅና እግር የተማታበትን ክፍል ያላየ የዚያ ዘመን ወጣት በከተማችን ብዙ አይገኝም። አንድ ነገር ግን ያስገርመናል። ሁለቱ የሞቱላቸውን ሰዎች ሁሉ ከቀበሩ በኋላ እንኳ ተቃቅፈው ይሄዳሉ እንጂ አይሳሳሙም። ለወላጆቻችን ደግ ነው። ነገር ግን በአሜሪካ ፊልም ነጭ አክተር ሁልጊዜ በመጨረሻ ሲስም፣ ቻይናዊው ጀግና ጥቁሯን ልጃገረድ ያልሳመው ከጨዋነት ብቻ አይመስለንም። አሊያ ፊልሙ ከወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ነሐሴ 19 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ በ22 ዓመቷ በአውሮፕላን አደጋ አረፈች።

ዲ ኤም ኤክስ በዚያ ፊልም እንደ ጂም ኬሊ ይገደላል። በኋለኞቹ ሁለት ግን እስከ መጨረሻው ቆሞአል። በ«ክሬድል ቱ ዘ ግሬቭ» (ስሙን ስንሰማ «ፍቅር እስከ መቃብር» ትዝ አለን) ሴት ልጁ የተሰረቀችበት ሌባ አባት ሆኖ ይታያል። አንዱ ታላቅ ወንድማችን ይህን ፊልም ስድስት ጊዜ ለምን እንዳየው ስንጠይቀው የመለሰልን፣ ጥቁሩ ሰውዬ አለመሞቱን ለማረጋገጥ ነው ብሎ ነው። መቀለዱን ወይም አለመቀለዱን አላወቅንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የካራቴውና የራፑ መጣመር የአምቦንና የጊንጪን ወጣት እንዲህ የያዘው በምን ምክንያት ነው? ከአራታችን አንዱ መኪናውና ወርቁ ነው ይላል፤ እስከ ዛሬም አልተለወጠም። ሦስታችን ግን ሌላ አስተያየት አለን።

በኦሮሞ ዘንድ ጌራርሳ የሚባል ግጥም አለ። አዳኝ አውሬ ጥሎ ወይም ጀግና ከጦርነት ሲመለስ የሚያወርደው ነው፤ በአማርኛ ፉከራና ቀረርቶ ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ዘሩን ይቈጥራል፤ የዋለበትን ቦታ በስም ይጠራል፤ ፈሪውን ይሰድባል። ሥራ ሳይሠራ ጌራርሳ የሚያወጣ ሰው ያፍራል። እንግዲህ ክንዱም አፉም የአንድ ሰው ናቸው። ዳዊትም ወንጭፍ ወርዋሪና በገና ደርዳሪ ነበረ። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ግን ክንዱ ለአንዱ፣ አፉ ለሌላው ተከፍሎአል። ጄት ሊ ይማታል እንጂ ብዙ አይናገርም። ዲ ኤም ኤክስ በሻካራ ድምፁ፣ አንዳንዴም እንደ ውሻ እየጮኸ ይናገራል፤ ጡጫው ግን የጄት ሊን አይተካከልም። ታላላቅ ወንድሞቻችን ሁለቱን ጎን ለጎን ባዩ ጊዜ፣ በአያቶቻቸው ደጅ የሚያውቁትን አንድ ሰው ያዩ ይመስለናል።

ልዩነቱንም መሸሸግ አይገባንም። ጌራርሳ የሚያወጣው ሰው የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ፊት ቆሞ ነው፤ ቢዋሽ ይያዛል። በፊልም ግን የሚይዘው የለም። ጌራርሳ በኋለኛው ዘመን የድህነትና የእስር ብሶት መግለጫም ሆኖአል፤ ራፕም ከብሮንክስ ሲነሣ እንዲሁ ነበር። በ1978 ዓ.ም. በአምቦ የተወለደውና ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተገደለው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአሥራዎቹ ዕድሜው ታስሮ ለዓመታት ወኅኒ ቤት ኖሮአል፤ ዘፈኑን የሚሰማ ሰው ጌራርሳ ከየት ወዴት እንደ ተሻገረ ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ ከእርሱ ይማራል።

ወላጆች በቪዲዮ ቤት ላይ የነበራቸውን ክስ አቃለን አንመለከተውም። ትምህርት የተዉ አሉ። የአንዳችን አጎት አየር ላይ ዞሮ ለመርገጥ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ዘሎ ክንዱን ሰብሮአል፤ ዛሬም ሲበርድ ያመዋል። በሌላ በኩል ከየከተማው የቴኳንዶ ትምህርት ቤት በር ላይ ከተሰለፉት ልጆች ስንቱ መጀመሪያ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ እንደ ተቀመጠ ማን ቈጠረው? ሰለሞን ቱፋ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቴኳንዶ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲቀርብ፣ የተሰበረ ክንድ ያለው አጎት ከሁሉ በላይ ጮኾአል።

ዛሬ ቪዲዮ ቤቶቹ ከሞላ ጐደል ተዘግተዋል። ገሚሶቹ የእግር ኳስ ማሳያ ሆነዋል፤ ፊልሙን እኛ በስልካችን፣ በየግላችን፣ ጆሯችንን ደፍነን እናያለን። ዲ ኤም ኤክስ ሚያዝያ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በ50 ዓመቱ መሞቱንም የሰማነው በዚያው በስልክ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ወደ አንዱ ጓደኛችን አያት ዘንድ ወደ ገጠር ሄድን። አባባ በዕድሜያቸው የገፉ፣ ጌራርሳ የሚያውቁ ሰው ናቸው። «ክሬድል ቱ ዘ ግሬቭ»ን በስልክ አሳየናቸው። ጄት ሊ በአጥር በተከበበ መድረክ ውስጥ ብዙ ሰዎችን ሲጥል በጸጥታ ተመለከቱ። ዲ ኤም ኤክስ መናገር ሲጀምር ግን ይህ ሰውዬ ማንን ጣለ ብለው ጠየቁን። እርሱ አልጣለም፣ የጣለው ያኛው ነው አልናቸው። ታዲያ ይህኛው ለያኛው ምስክሩ ነው ማለት ነው አሉና ተደሰቱ፤ በቀድሞ ዘመንም ጓደኛ ለጓደኛው ይመሰክር እንደ ነበር ነገሩን። ወዲያው ሳንለምናቸው ተነሥተው፣ በትራቸውን ይዘው፣ የአባታቸውን ጌራርሳ አወረዱልን። ለመቅዳት ስንጀምር ስልኩ ሞልቶአል ብሎ እምቢ አለ። አንድ ፊልም ማጥፋት ግድ ሆነ፤ አባባ ቆመው ሲጠብቁ የትኛው ይጥፋ ብለን ጥቂት ተከራከርንና «ኤግዚት ዉንድስ»ን አጠፋነው።