ባታችሁ ውስጥ ያሉት ትንንሽ በሮች

እስቲ ቁጭ እንዳላችሁ አንድ እጃችሁን ባታችሁ ላይ አድርጉና ተረከዛችሁን ከመሬት አንሱ። ጡንቻው ሲጠነክር ተሰማችሁ አይደል? አሁን ደም ወደ ላይ ገፋችሁ ማለት ነው። ይህን ለመረዳት ግን ረጅም ዘመን ወስዷል። ማስረጃው ጠፍቶ አይደለም፤ ታይቶ በተሳሳተ መንገድ ስለተተረጎመ ነው።

ታሪኩን ከጣሊያን፣ ከፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ እንጀምር። የአናቶሚ መምህሩ ፋብሪሲየስ አስከሬን ሲመረምር በእጅና በእግር የደም ሥሮች ውስጥ ስስ ሽፋኖች አየ። እ.ኤ.አ. በ1603 ባሳተመው ሥራ "ትንንሽ በሮች" ብሎ ጠራቸው፤ በሥዕልም አሳያቸው። የተሳሳተው ጥቅማቸው ላይ ነው። የዘመኑ ሐኪሞች ከጥንቱ ጋለን በወረሱት ትምህርት መሠረት ደም ጉበት ውስጥ ይሠራል፣ በእነዚህ ሥሮች ወደ እጅና እግር ይወርዳል፣ እዚያው ያልቃል ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ ለፋብሪሲየስ በሮቹ ደሙ ተንደርድሮ እግር ላይ እንዳይጠራቀም የሚያዘገዩት ነበሩ።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። የውሃ መስመር ላይ በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው "ፈሳሹ ወዴት ነው የሚሄደው?" ብዬ ነው። ይህን ጥያቄ በተግባር የፈተነው እዚያው ፓዱዋ የተማረው እንግሊዛዊ ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ ነው። ክንድ አስሮ፣ ያበጠውን ሥር በጣቱ ወደ መዳፍ ሲገፋው ደሙ በቫልቩ አላልፍ አለ፤ ወደ ልብ ሲገፋው ግን ሄደ። ሒሳብም ሠራ፦ ልብ በግማሽ ሰዓት የሚረጨው ደም በመላ ሰውነት ካለው ይበልጣል። ታዲያ ያው ደም ተመልሶ ካልመጣ ከየት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ደም እንደሚዘዋወር አስረዳ። እኛ ትምህርት ቤት "ደም መልስ" ብለን የተማርነው ስም ራሱ የእሱን ግኝት ይዟል።

ወደ ባት እንመለስ። ስትቆሙ ከልብ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው የደም ዓምድ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ እግር ላይ ባለው ደም መልስ ውስጥ ግፊቱ ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል። ይህን ደም ወደ ላይ በመግፋት ልብን የሚያግዙት በዋናነት ሁለት ጡንቻዎች ናቸው፤ ከውጭ ጋስትሮክኒሚየስ፣ ከሥሩ ሶሊየስ። ቲቢያል የሚባለው ነርቭ ሲያዛቸው ይኮማተራሉ። የጠቀለላቸው ጠንካራ ሽፋን እምብዛም ስለማይለጠጥ በጡንቻዎቹ መካከል ያሉት ደም መልሶች ይጨመቃሉ። የታችኞቹ በሮች ስለሚዘጉ ለደሙ የሚቀረው መንገድ ወደ ላይ ብቻ ነው። ስትራመዱ ያ 90 ወደ 30 ገደማ ይወርዳል።

ችግሩ ይህ ፓምፕ እንደ ልብ በራሱ አይመታም። ካልተንቀሳቀስን ሥራ ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ1940 ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ብዙ ሰው ሌሊቱን በመጠለያ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያሳልፍ ነበር። በዚያው ዓመት የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ኪት ሲምፕሰን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ነገር አስታወቀ፦ ከመጠለያዎቹ ሰዎች ቦምብ ሳይነካቸው እየሞቱ ነው። እግር ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ይቀረቀር ነበር። የተጣጣፊ ወንበሩ የፊት እንጨትም ጭናቸውን ከሥር ተጭኖ የደሙን መንገድ ያጠበው ነበር።

ዛሬ ቦምቡ ባይኖርም ረጅም በረራ፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስና ከኮምፒውተር ፊት የማይነሳ ሰው አለ። እኔም አንዱ ነኝ። ስለዚህ በየመሀሉ ተነሱ፤ መነሳት ካልተቻለ ተረከዛችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ። አንዱ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ይየው። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።