አባ ማስያስና የፈንጣጣ ክትባት
ከሳሪስ ወደ ሰሜን በሚገኘው በፊንፊኔ፥ አዲስ አበባ ገና ሳትቈረቈር፥ ኢጣሊያዊው የካፑቺን መነኵሴ ጉልየልሞ ማሳያ የካቶሊክ ሚሲዮን አቋቁመው ነበር። ቦታውን የሰጡአቸው፥ በ1868 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ሸዋ በገቡ ጊዜ ያስቀሩአቸው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። ሕዝቡ አባ ማስያስ ይላቸው ነበር።

በ1852 ዓባይን ተሻግረው ጉዱሩ ከገቡ ወዲህ ስማቸውን ይበልጥ ያስጠራው፥ እንደሚመስለን፥ ስብከታቸው ሳይሆን ፈንጣጣ መክተባቸው ነው። ኦሮሞዎቹም የፈንጣጣ አባት አሉአቸው። በዚያ ዘመን የክትባቱ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ከተከተበ ልጅ ክንድ ወደ ሌላው ክንድ ይተላለፍ ስለ ነበረ፥ ሥራው ያለ እናቶች እምነት የሚሆን አልነበረም።

እኛን የሚያሳስበን ይኸው እምነት ነው። በካቶሊክ ሕግ ለሞት የቀረበ ሕፃን ወላጆቹ ባይፈቅዱም እንኳ ሊጠመቅ ይችላል። እንግዲህ ከታቢውና አጥማቂው አንድ ሰው ሲሆን፥ እናቲቱ ልጅዋን የሰጠችው ለየትኛው ነው? ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ማንም በሃይማኖት ነገር እንዳይገደድ አወጀ፤ ቀኖናው ግን በ1983 ሲታደስ ያን ፈቃድ አልሰረዘም።

ዐፄ ዮሐንስ በ1879 አባ ማስያስን ከአገር ያስወጡአቸው በስብከታቸው ምክንያት ነው እንጂ በክትባታቸው አይደለም። የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በአገራችን የተገኘው ከዚያ 97 ዓመት ቈይቶ፥ በ1976 ነው።