ከፊልሙ ቀድሞ የሚመጣው ፊልም

 

እዚሁ ርሖቮት፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ በሱዳን በኩል የመጡ አንዲት እናት አሉ። አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው ስለዚያ ጉዞ የተሠራ ፊልም ማስታወቂያ በስልኩ ከፍቶ «እማማ፣ የእናንተ ታሪክ ነው» ብሎ አሳያቸው። መኪና ሲሮጥ፣ ጀልባ ሲበር፣ ተኩስ ሲተኮስ አዩ። ሁለት ደቂቃው ሲያልቅ ልጁን ዞር ብለው «ደግ ነው ልጄ፤ እኛስ መቼ ነው የምንመጣው?» አሉት። ልጁ መልስ አልነበረውም። የዛሬው ንግግራችን ከዚህ ጥያቄ የተነሣ ነው።

ይህን ቁራጭ ፊልም በዕብራይስጥ «ክዲሞን» ይሉታል። ቃሉ «ቀደመ» ከሚለው ከአማርኛችን ጋር አንድ ሥር አለው። በእንግሊዝኛ ግን «ትሬለር» ይባላል፤ ከኋላ የሚጎተት እንደ ማለት ነው። ቀድሞ የሚታየው ነገር ለምን ከኋላ የሚጎተት ተባለ? መልሱ በታሪኩ ውስጥ አለ። ዓመቶቹን ሁሉ የምንናገረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1913 በኒውዮርክ ኒልስ ግራንለንድ የሚባል የቲያትር ማስታወቂያ ሠራተኛ፣ ሊከፈት ስለ ነበረ አንድ ሙዚቃዊ ቲያትር አጭር ፊልም አዘጋጅቶ በሲኒማ ቤት አሳየ። በዚያው ዘመን በየሳምንቱ የሚታዩ ተከታታይ ፊልሞችም ጀግናዋን አደጋ ላይ ጥለው «ቀሪውን በሚቀጥለው ሳምንት» እያሉ ያበቁ ነበር። ማስታወቂያው የሚታየው ከፊልሙ በኋላ ስለ ነበረ ያን ስም አገኘ። ነገር ግን ሕዝቡ ፊልሙ ሲያልቅ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ማን ቁጭ ብሎ ማስታወቂያ ያያል? ስለዚህ ወደ ፊት አመጡት። ስሙ ግን እንደ ነበረ ቀረ።

ሁለት ደቂቃ አጭር ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ የማያውቁትን ሰው ጠርቶ፣ ኪሱን አስፈትቶ፣ ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንዴት ይቻላል? ዘዴው ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያውቀውን ምልክት ማሳየት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲባል ልጆች «የላም በረት» ብለው ለመስማት ይቀመጣሉ። «እንቆቅልሽ» ሲባል ግን «ምን አውቅልህ» ብለው ለመፎካከር ይዘጋጃሉ። ተረቱም እንቆቅልሹም ገና አልተነገረም፤ የሚመጣው ነገር ዓይነት ግን ታውቋል። አዝማሪም ማሲንቆውን ሲቃኝ፣ ለትዝታ ይሁን ለጭፈራ ጆሮ ወዲያው ይለያል።

የፊልም ማስታወቂያም እንዲሁ ነው። የሚያስፈራ ፊልም ሲሆን ጨለማና ዝምታ ይመጣል፤ ከዝምታው በኋላ ድንገተኛ ድምፅ። የሚያስቅ ሲሆን ዜማው ፈጣን ነው፤ ሰው ይወድቃል፣ ይሳሳታል። የፍቅር ሲሆን ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ፣ መጨረሻው ይደበቃል። የስለላ ሲሆን አንድ ጀግና ጓደኞቹን ይሰበስባል፣ ሰዓት ይቆጠራል፣ መኪና ይሮጣል። የታሪክ ሲሆን ደግሞ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ ይታያል።

በዚህ ጥበብ ከተራቀቁት አንዱ አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። በ1960 «ሳይኮ» ለተባለው አስፈሪ ፊልሙ ከስድስት ደቂቃ በላይ የሚረዝም ማስታወቂያ ሠራ። ራሱ ቤት እንደሚያስጎበኝ ሰው እየቀለደ ግድያ የሚፈጸምባቸውን ክፍሎች አሳየ፤ ምን እንደሚሆን ግን ሳይጨርስ ተወው። በ1975 ስለ አንድ ትልቅ ሻርክ የተሠራው «ጆውስ» ከመከፈቱ በፊት በአሜሪካ ቴሌቪዥን በብዛት ተዋወቀ። ሕዝቡ ወደ ሲኒማ ቤት ጎረፈ።

በኢትዮጵያስ? አዲስ አበባ ሲኒማ ገና ሲገባ ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ተለመደ። በ1965 የወጣው የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» ይባላል። ስሙ ራሱ ማስታወቂያ ነው፤ የሰማ ሁሉ መልሱን ለማወቅ ይፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። በ2019 ጊድዮን ራፍ የተባለው እስራኤላዊ ዳይሬክተር በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በሱዳን፣ በአሩስ ስለ ነበረው የሐሰት መዝናኛ ሆቴል ፊልም አወጣ። ነገሩ መነሻው እውነት ነው። ሞሳድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሆቴሉን ተከራይቶ፣ ቀን ቱሪስት እያስተናገደ፣ ሌሊት ወገኖቻችንን ያወጣ ነበር። ማስታወቂያው ግን የተሠራው በስለላ ፊልም ደንብ ነው፤ ከፊት የሚቆመው ክሪስ ኢቫንስ የተባለው የአሜሪካ ተዋናይ ነው። ፊልሙ ሲታይም፣ ኢትዮጵያውያኑ ለሌላው ጀግንነት ማድመቂያ ሆነዋል ብለው ብዙ ሐያስያን ተችተውታል።

ልብ በሉ፤ ማስታወቂያው ዋሸ አላልንም። መረጠ ነው የምንለው። የስለላ ፊልም ደንብ ለመኪናና ለተኩስ ቦታ አለው፤ ሌሊት ሌሊት ለሳምንታት በእግር ለተጓዘ ቤተሰብ፣ በገዳሪፍና በኡም ራኩባ ሰፈር ልጁን ለቀበረ አባት ግን ቦታ የለውም። በመንገድና በሱዳን ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 ይገመታሉ። በኢየሩሳሌም፣ በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም ኢያር 28 ቀን ይታሰባሉ። ደግሞም መንገዱን ከከፈቱት አንዱ የራሳችን ሰው፣ መምህር ፈረደ አክሉም ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሱዳን ደርሶ «አድኑን» ብሎ ደብዳቤ የጻፈ እርሱ ነው። በፊልሙ ውስጥ ከበደ የተባለው ሰው የተቀረጸው ከእርሱ ሕይወት ነው።

በሌላ ደንብ የተነገረም አለ። በ2018 በልጅነቷ ከኢትዮጵያ የመጣችው ዓለምወርቅ ዳዊድያን «የበለስ ዛፍ» የተባለውን ፊልም ሠራች። ዘመኑ 1989፣ ቦታው አዲስ አበባ ነው። ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ለመሄድ የሚጠባበቅ አንዲት ልጃገረድ፣ የምትወደውን ልጅ ከጦርነት ለማዳን ትታገላለች። እዚህ ላይ ታሪኩን የምትመራው ልጅቱ ናት፤ ማንም መጥቶ እስኪያድናት አትጠብቅም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ማስታወቂያ ሲያሳዩአችሁ አትቆጡ፤ አብራችሁ እዩ። ከዚያም ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ምን ዓይነት ፊልም ነኝ ይላል? በምን ምልክት አወቅነው? ማንን አሳየ፣ ማንንስ ተወ? ዕብራይስጡ ባይገባችሁ እንኳ ዜማውንና ምስሉን ማንበብ ትችላላችሁ። ሦስተኛውን ጥያቄ ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚመልስ የለም።

እኚያ የቂርያት ሞሼ እናት ስልኩን ለልጁ መልሰው «በል ተቀመጥ» አሉት። ከመንደራቸው ከወጡበት ሌሊት ጀምረው ነገሩት። እስከ እኩለ ሌሊት አልጨረሱም፤ ልጁም አልተነሣም።

እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን ቸር ይግጠመን።