ጠመንጃው ለምን ይህን ያህል ገዘፈ?

አውራ ጣት በማታክል የፕላስቲክ ወታደር እጅ ላይ ያለ ጠመንጃ ሰው ያጨቃጭቃል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ግን ያጨቃጭቃል። የሳይንስ ፊክሽን የጠረጴዛ ጦርነት የሚጫወቱ፣ ወታደሮቹንም እየገጣጠሙ ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ለዓመታት ሲነታረኩበት የኖሩት ጥያቄ ነው፤ መሣሪያው እውነተኛ ይምሰል ወይስ ያምር? አንዱ «ይሄንን ማን ይሸከመዋል? ሰደፉስ የታለ? በምኑ ነው የሚያነጣጥረው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጎኑ ቤት የሚያክል ሮቦት ቆሞ አንተ ስለ ሰደፍ ትጠይቀኛለህ?» ብሎ ይመልሳል።

እኔን የሳበኝ ማን ይረታል የሚለው አይደለም። ጠመንጃው እንዲህ የገዘፈበት የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩን ስንከተለው ደግሞ ጦርነትን ስንጫወት ምን እንደምናይና ምን እንደማናይ ይነግረናል።

ከኤች. ጂ. ዌልስ እንጀምር። «የዓለማት ጦርነት»ን የጻፈው እንግሊዛዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1913 «ሊትል ዎርስ» የተባለች የጨዋታ መመሪያ አሳተመ። ጨዋታው የአሻንጉሊት ወታደሮችን ወለል ላይ አሰልፎ መዋጋት ነው። ዋናው መሣሪያ በሞላ የሚሠራ የአሻንጉሊት መድፍ ነበር፤ ትንሽ የእንጨት ጥይት ይተኩሳል፣ የተመታው ወታደር ይወድቃል። ስለዚህ መድፉ የሚመዘነው በመልኩ ሳይሆን በሥራው ነው። አነጣጥረህ ከመታህ መታህ፣ ከሳትክ ሳትክ። ዌልስ መጽሐፉን የቋጨው ደግሞ ጦርነትን በመቃወም ነው። ትንሿን ጦርነት ሦስት አራት ጊዜ የተጫወተ ሰው ትልቁ ጦርነት ምን ያህል የጅል ሥራ እንደሆነ ይገባዋል ባይ ነበር። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጌሞች ተኩሱን ለዳይስ ሰጡት። ዳይሱ ተወርውሮ ቁጥሩ መታህ ካለ መታህ ነው። ይሄ ትንሽ ለውጥ ይመስላል፤ ግን ወታደሩ እጅ ላይ ያለው ጠመንጃ ከዚያ ወዲህ ምንም አይተኩስም። የቀረለት ሥራ መታየት ብቻ ነው።

ለመታየት ደግሞ መግዘፍ ነበረበት። እስቲ እናስላው። በእነዚህ ጌሞች የተለመደው የአንድ ሰው ቁመት 28 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከእውነተኛ ሰው 60 ጊዜ ያህል ያንሳል ማለት ነው። ሁላችንም ቅርጹን የምናውቀውን ክላሽ ውሰዱ። ርዝመቱ ወደ 88 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለ60 ሲካፈል 15 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የአፈሙዙ ውፍረት ደግሞ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀጭን ሽቦ በሉት።

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እነዚህ ምስሎች የሚሠሩት ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅይጥ ነበር። የቀለጠው ብረት በሚሽከረከር የጎማ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈሳል። ሽቦ የሚያክል አፈሙዝ ከሆነ ብረቱ ጫፉ ድረስ ላይደርስ ይችላል፤ ቢደርስም ጣት ሲነካው ይታጠፋል። ቀራጮቹ ስለዚህ ጠመንጃውን አወፈሩት። የያዘው እጅ እንዲመጥነው እጁም ወፈረ፣ ፊቱ ከሩቅ እንዲለይ ጭንቅላቱም ተለቀ። ይህን አሠራር እንግሊዞቹ «ሂሮይክ» ይሉታል፤ የጀግና ልክ እንደ ማለት ነው። ስሙ ጀግና ይበል እንጂ መነሻው የጎማና የእርሳስ ጉዳይ ነው።

ከዚያ 1987 መጣ። ጌምስ ዎርክሾፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በሪክ ፕሪስትሊ የተጻፈውን «ዋርሃመር 40,000» አወጣ። የጌሙ ዝነኛ መሣሪያ ቦልተር ይባላል፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ጡብ የመሰለ። ጥይቱ በሮኬት የሚገፋ፣ ገላ ውስጥ ገብቶ የሚፈነዳ ነው ተብሏል፤ ስፋቱም 0.75 ኢንች፣ ማለትም 19 ሚሊ ሜትር። ተጫዋቾች ዘንድ ደግሞ «ያየኸው እሱው ነው» የሚል ልማድ አለ። ወታደሩ እሳት የሚተፋ መሣሪያ ከያዘ፣ በሕጉም የሚጠቀመው እሱኑ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ የቆመው ተጋጣሚህ በአንድ እይታ ማን ምን እንደያዘ መለየት አለበት። ጠመንጃው እንግዲህ ፊደል ሆነ ማለት ነው፤ ፊደል ደግሞ ከሩቅ እንዲነበብ በጉልህ ይጻፋል።

«እውነተኛ» የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ላይ ይምታታል። ቦልተርን የሚያህል የማይመስል ነገር የለም፤ ነገር ግን ሮኬት የሚተኩስ ሽጉጥ በእውነት ተሠርቷል። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጋይሮጄት የሚባል 13 ሚሊ ሜትር የሮኬት ሽጉጥ ለገበያ ቀርቦ ነበር። ችግሩ ሮኬቱ ፍጥነት የሚያገኘው ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው፤ ቅርብ ያለን ሰው ሲመታ ኃይሉ ደካማ ነበር። ኢላማውንም ስለሚስት ገበያው አልሰመረለትም። በተቃራኒው የ1977ቱን «ስታር ዎርስ» ተመልከቱ። የነጭ ለባሾቹ ወታደሮች መሣሪያ የእንግሊዙ ስተርሊንግ ነው፤ የሃን ሶሎ ሽጉጥ የጀርመኑ ማውዘር ሲ96 ነው። የፊልሙ ሰዎች እውነተኛ መሣሪያ ላይ ቁርጥራጭ ጨምረው ነው የሠሯቸው። እጅ ላይ ሲታዩ ክብደታቸው ያሳምናል፤ የሚተኩሱት ግን በዓለም የሌለ ነገር ነው። የማይመስለው ሊሠራ ይችላል፣ የሚመስለው ላይሠራ ይችላል።

ታሪኩ ምርጫ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ዛሬ ምስሎቹ በኮምፒውተር ይቀረጻሉ፣ ፕላስቲኩም በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በግፊት ይገባል። ቀጭን ነገር መሥራት ይቻላል። የስፔኑ ኮርቨስ ቤሊ ኩባንያ እንዲያውም በብረት ሆኖ «ኢንፊኒቲ» ለተባለው ጌሙ ቀጠን ያሉ ሰዎችና ለሰውነታቸው የሚመጥን ጠመንጃ ሠርቷል። ጌምስ ዎርክሾፕም በ2017 ወታደሮቹን አስረዘመ፣ አካላቸውን ወደ ሰው ልክ አቀረበ፣ ቦልተሩንም ዘለግ አደረገው። አላቀጠነውም ግን። የጎማው ምክንያት ከቀረ ቆይቷል፤ ግዝፈቱ ቀርቷል፤ ምክንያቱም ሰው ወደደው።

መውደዱ ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ዋርሃመር ሲጀመር ምፀት ነበር፤ በጭፍን እምነትና በጥላቻ የሚገዛ፣ ከራሱ አስፈሪነት ሌላ ምንም የሌለው የወደፊት ግዛት ላይ የሚሳለቅ። ግዙፉ ጠመንጃም የቀልዱ አካል ነው። ነገር ግን ምፀት ሲያምር ምፀትነቱ ይረሳል። በ2021 ኩባንያው ራሱ መግለጫ ለማውጣት ተገደደ፤ ያ ግዛት ማስጠንቀቂያ እንጂ አርአያ እንዳልሆነ፣ የጥላቻ ቡድን ምልክት ለብሶ ወደ ውድድሮቹ የሚመጣ ሰውም ቦታ እንደሌለው አሳወቀ። ከ30 ዓመት በላይ የቆየ ቀልድ መሆኑን ማስረዳት ካስፈለገ፣ አንዳንዱ ተመልካች ውበቱን ብቻ ነው ያነበበው ማለት ነው።

ታዲያ ጠመንጃውን ብናቀጥነው ይሄ ይስተካከላል? አይመስለኝም። ትክክለኛ ሰደፍ፣ ትክክለኛ ማነጣጠሪያ፣ ትክክለኛ ካርታ ያለው መሣሪያ ስለ መሣሪያው ብቻ ነው እውነት የሚናገረው። በሁለቱም ዓይነት ጌም የሞተው ወታደር ከጠረጴዛው ይነሳና ሳጥኑ አጠገብ ይቀመጣል። የሚያቃስት የለም፣ የሚፈልገው እናት የለውም፣ ነገ ተመልሶ ይሰለፋል። ክላሽን በዜና ብቻ ሳይሆን በሰው ትከሻ ላይ እያየን ላደግን ሰዎች የጎደለው ነገር የአፈሙዙ ውፍረት አይደለም። የጎደለው አፈሙዙ የዞረበት ወገን ነው።

ስለዚህ እኔን ምረጥ ካላችሁኝ ያንን ጡብ የመሰለ ቦልተር እመርጣለሁ። ቢያንስ አሻንጉሊት መሆኑን አይደብቅም፤ ጦርነት ይህን ይመስላል ብሎም አይምልልኝም። የዌልስ መድፍም በእንጨት ጥይቷ ያንኑ ያህል ግልጽ ነበረች። ልዩነቱ ዌልስ ወታደሮቹን ወደ ሳጥናቸው ከመመለሱ በፊት ስለ ትልቁ ጦርነት የሚለው ነገር ነበረው።