ፊደልን በፊደል መሰወር፦ ከጎጃም ቅኔ ቤት እስከ ኢሜይል

ምሥጢርን በጽሑፍ ለማኖር ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ቃሉን ራሱን መሰወር ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃሉን ገልጦ ትርጉሙን መሰወር ነው። የጎጃም ደጋ ከጥንት ጀምሮ የታወቀው በሁለተኛው መንገድ ነው። የኢሜይል መጻጻፍ ከመጣ ወዲህ ግን አንደኛው መንገድ፣ ማለትም ፊደልን በሌላ ፊደል እየለወጡ መጻፍ፣ በአዲስ መልክ ተመልሷል። በመሆኑም የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን መመልከት፣ ከእነዚህ የትኛው መጋረጃ፣ የትኛው መዝጊያ እንደ ሆነ ለመለየት ይረዳል።

ፊደልን በፊደል መለወጥ እጅግ የቆየ ዘዴ ነው። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 25 እና 51 «ሼሻክ» ተብላ የተጠራችው ባቢሎን መሆኗን ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ ይኸውም የዕብራይስጡ የመጀመሪያ ፊደል በመጨረሻው፣ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ባለው፣ እንዲህ እየተባለ ሲለወጥ ነው። የሮማው ዩልዮስ ቄሣርም በእያንዳንዱ ፊደል ፈንታ ሦስት ቤት አልፎ የሚገኘውን ይጽፍ እንደ ነበር ስዌቶንዮስ መዝግቧል።

ዘዴው ለሀሁ ገበታም ይስማማል። ገበታው ከሀ እስከ ፐ 33 ፊደላት አሉት፤ እያንዳንዱም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ድምፅ አለው። ድምፁ ሳይነካ እያንዳንዱ ፊደል በተከታዩ ቢተካ፣ «ደብረ ማርቆስ» የሚለው ስም «ጀትሰ ሣስቦሽ» ይሆናል። በሼሻክ አኳኋን ሀ በፐ፣ ለ በፈ ቢለወጥ ደግሞ፣ ገበታው ጎዶሎ ቍጥር ስለ ሆነ መካከለኛው ፊደል፣ 17ኛው ከ፣ ሳይለወጥ ይቀራል። ላኪና ተቀባይ በአንድ ተራ መስማማት ግን ግድ ይሆንባቸዋል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ መዛግብተ ቃላታቸውን ያሰናዱት በሀሁ ሳይሆን በአበገደ ተራ መሆኑ ይታወሳል። አንዱ በሀሁ፣ ሌላው በአበገደ ቢቈጥር መልእክቱ ከወዳጅም ይሰወራል።

ከጠላት ግን አይሰወርም። ገበታውን ወደ ፊት የሚገፉ መንገዶች 32 ብቻ ስለ ሆኑ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉንም በአንድ ምሽት ሞክሮ ይጨርሳል። ተራው ተዘበራርቆ ቢሆን እንኳ ቋንቋው ራሱ ያጋልጣል። በአማርኛ ግስ ዐረፍተ ነገርን ይዘጋልና፣ ከአራት ነጥብ በፊት «ኘዕ» የሚል ቃል ደጋግሞ ሲመጣ «ነው» መሆኑን ለመገመት ብዙ ድካም አይጠይቅም። በዚህ ሁለት ፊደላት ተገኙ ማለት ነው፤ ከዚያ በቃል መነሻ የሚበዙት የ እና በ፣ በቃል መድረሻ የሚደጋገሙት ን እና ም ተራ በተራ ይወጣሉ። ፊደላትን በድግግሞሻቸው ቈጥሮ ሥውር ጽሑፍን የመፍታትን ዘዴ አልኪንዲ በባግዳድ የጻፈው በ9ኛው መቶ ዘመን ነበር።

የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤቶች የተከተሉት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። በሰምና ወርቅ፣ በኅብርና በውስጠ ወይራ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ ነገሩ ይሸፈናል። «አልጋ» የሚለው ቃል መኝታም ዙፋንም ነው፤ «አልጋው ተነቃነቀ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ የሚሻውን የሚረዳለት ቃሉን ያነበበ ሁሉ ሳይሆን የጊዜውን ነገር የሚያውቅ ነው። ፊደል የተለወጠበት ደብዳቤ ገና ሲታይ ምሥጢር እንዳለበት ይናገራል፤ ቅኔ ግን ምሥጢር መኖሩንም ይደብቃል። ቢሆንም የቅኔው መክፈቻ ትምህርት ነውና፣ የተማረ ሁሉ ይከፍተዋል።

ሰውሮ ያለመነጋገር ጉዳት በጦርነት ጊዜ በግልጽ ታይቷል። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር የኢትዮጵያን የሬዲዮ መልእክቶች እየጠለፈ ይከታተል ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ጉዳቱ በጣልያኖች ላይ ዞረ። መጋቢት 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ነጻ ስትወጣ ወደ ዓባይ መሻገሪያ የሚሄደው የስልክ መስመር ሳይቈረጥ እንደ ነበር፣ ጣልያንኛ አጣርቶ የሚያውቀው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስም በዚያው መስመር ራሱን ጣልያናዊ አስመስሎ ብዙ ጦር እየመጣ ነው በማለት እንዳሸበራቸው የዘመቻውን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ። ከመስመሩ ማዶ ያለው ማን እንደ ሆነ ማረጋገጥም የምሥጢር ጥበቃ ግማሹ ነው።

ኢሜይል ለአማርኛ ሲደርስ ፊደልን በፊደል መለወጥ በመጀመሪያ የመጣው በችግር ነበር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ገበታ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ብዙዎች አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፉ ነበር። «ሴራ» በተባለው ሥርዐት ትንሹ «ቲ» ለተ፣ ትልቁ «ቲ» ለጠ ቆመው ነበር። ይህ ለመግባባት እንጂ ለመሰወር አልነበረም። ለመሰወር የተለመደው «ሮት 13» የተባለው ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደላት 26 በመሆናቸው 13 ቤት መግፋት ይሰውራል፣ ዳግመኛ 13 መግፋት ይገልጣል። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በኮምፒውተር መረብ የሚጻጻፉ ሰዎች የቀልድንና የእንቆቅልሽን መልስ ሸፍነውበታል።

ተገቢ ቦታውም ይኸው ነው። በጎጃም ምድጃ ዳር እንቆቅልሽ ሲባል፣ መልሱ ያቃተው ሰው አገር እስኪሰጥ ድረስ መልሱ ይሸሸጋል፤ የሚሸሸገውም ሊገለጥ ነው። የፈተና ጥያቄን፣ የበሽተኛን መዝገብ፣ የሠራተኛን ገመና በዚህ ሸፍኖ በኢሜይል መላክ ግን መጋረጃን እንደ መዝጊያ መቍጠር ይሆናል። ኦጉስት ኬርክሆፍስ በ1883 እ.ኤ.አ. እንዳስተማረው፣ እውነተኛ የምሥጢር ጽሑፍ ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅም ቍልፉ እስካልተያዘ ድረስ ይጸናል። ፊደልን በፊደል መለወጥ ግን ዘዴው በታወቀ ጊዜ አብሮ ይከፈታል። የሰው ገመና በአደራ የተሰጠው ባለሙያ ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት ሊመረምረው የሚገባው ጽሑፉ ለዓይን እንግዳ መምሰሉን ሳይሆን፣ ቍልፉ በማን እጅ እንዳለ ነው።