የደጋ መሬትና የዱር አራዊቱ፤ ከጮቄ እስከ ጓሳ

የዲማ ጊዮርጊስ ስም ሲነሣ በአብዛኛው የሚታሰበው የቅኔ ትምህርቱ፣ እንዲሁም ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዚያ ያኖሯቸው ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ነገር ግን ከዚያ አገር በስተሰሜን ምዕራብ የሚታየው የጮቄ ተራራም ሊነገር የሚገባው ታሪክ አለው።

ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ሙጋንና ጨሞጋን የመሳሰሉ ወንዞች የሚመነጩበት ተራራ ነው። ቀድሞ ቀይ ቀበሮ ይኖርበት ነበር፤ ዛሬ ግን ከዚያ ጠፍቷል። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቁጥሩ ከ500 ብዙም እንደማይበልጥ ይገመታል።

ለመሆኑ ምን አጠፋው? በአገራችን አደን የጀግንነት መለኪያ ስለ ነበረ፣ አንበሳ የገደለ ሰው ጎፈር ደፍቶ ይፎክር ነበር። መንግሥትም ይህን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ1909 በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ኋላም በ1944 እና በ1972 የአደን ሕጎች አወጣ። ሆኖም ቀይ ቀበሮ ለፉከራ የሚታደን አውሬ አልነበረም። የጮቄን ቀበሮ ያፈናቀለው በይበልጥ ማረሻ ነው። የገብስና የድንች እርሻ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር፣ ቀበሮው የሚመገባቸው አይጦች የሚኖሩበት ሣር እየጠበበ ሄደ። የአደን ፈቃድ የሚቆጣጠረው ጥይትን እንጂ ሞፈርን አይደለም።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች አጽመ ርስት ሆኖ ተጠብቋል። መሬቱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ ቢዘገይ እስከ ሐምሌ አቦ ድረስ፣ ሁሉም ለቆ ይወጣል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይውላል። ሕዝቡ የጠበቀው ሣሩን ነው፤ በሣሩ ውስጥ ግን ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው አብረው ተጠበቁ።

የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህም ሥርዓት ተዳከመ፤ ሜዳው ያለ ገደብ የሚታጨድበትና የሚጋጥበት ጊዜ መጣ። ኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ የራሱን ኮሚቴ መርጦ ጥበቃውን መለሰው፤ የክልሉ መንግሥትም በሕግ አጸናለት።

በባሌና በአርሲ የደጋ አጋዘን የሚታደንባቸው ክልሎች ተከልለው የውጭ አገር አዳኞች ብዙ ገንዘብ ይከፍላሉ። ገንዘቡ በተራራው ግርጌ ለሚያርሰው ገበሬ ካልደረሰ ግን፣ ለእርሱ አጋዘኑ እንደ ጌታ ከብት የሌላ ሰው ሀብት ነው፤ የሌላ ሰው ሀብት ደግሞ ጠባቂው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ከጮቄ ጫፍ የቀረውን ሣርና ጅብራ ለማዳን የሚታሰብ ማንኛውም እቅድ መነሻው የጓሳ ልምድ ሊሆን ይገባል። መሬቱ የሚዘጋው በገበሬው ምክር፣ የሚከፈተውም ለገበሬው ጥቅም ሲሆን፣ አውሬውም የመኖሪያ ስፍራ ያገኛል።